ከባልዲው አጠገብ

ሥራዬ ባልዲ ነው።
ዌልስ ውስጥ፣ ባሕር ዳር፣ ከጥቁሩ ድንጋይ ካባ ሥር፣
ዝናብ እንደ አማች መጥቶ ሳምንት በሚያድርበት አገር፣
ሁለት መቶ ሰው ልትይዝ ተሠርታ፣ ሃያ ሦስት የቀራት
አሮጌ ጸሎት ቤት አለች፤ የጣራዋን ነገር ተዉት።

ሚስቴ ማይር በሞተች ዓመት ቁልፏን ልመልስ መጣሁ፤
“ጸልዬ እስክጨርስ ያዝልኝ” ብላ መጋቢ ኤሉኔድ
ይህን ባልዲ ብትሰጠኝ፣ እንደያዝኩት ቀረሁ።
ስድስት ዓመቱ።
ጸሎቷን እስከ ዛሬ አልጨረሰችም።

ጠብታዋ ተሳላሚ ናት፣ አትረጋም ከአንድ ቦታ፤
አንድ እሑድ ከኦርጋኑ፣ አንድ እሑድ ከመስኮቱ፤
ያለፈው ፋሲካ ኤሉኔድ “ተነሥቷል!” ስትል በደስታ
አናቷ ላይ ጠብ። “ተመስገን” አለች መጋቢቱ፣
“ጥምቀቴን ደገመልኝ፤ በፊተኛው እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።”
ከዚያ ወዲያ የስብከቱን ወረቀት ማን ይቁጠር!

ሜርዩድ ኦርጋኑ ላይ ሁሌ አንድ ስንኝ ወደ ኋላ ናት፤
አውቶቡስ እንደሚጠብቅ መንገደኛ፣ ቆመን ነው የምንጠብቃት።
የኤምሪስ የጆሮ ማዳመጫ በጸሎት መሐል ያፏጫል፤
ዬስቲን ስብከት ሲበዛበት “አሜን!” ብሎ ይነሣል፤
ሌላው ቃል ከልጁ አፍ በመከራ ነው የሚወጣ፣
በዚች ግን ማንም አይቀድመው፤
ኤሉኔድም ወረቀቷን ታጥፋለች ሳትቆጣ።
ካሪስ ፀጉሯን ሐምራዊ ቀብታ፣
“እኔ አላምንም፤ ለብስኩቱ ነው የምመጣው” ስትላት፣
“ግድ የለም፣ ብስኩቱ በአንቺ ያምናል” ብላ ሳህኑን አቀረበችላት።

ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ጉዊሊምና ኢድዋል።
አርባ ዓመት ባንድ ጃንጥላ፣
“እኔ ልያዝ” “የለም እኔ” ሲባባሉ
ሁለቱም ርሰው ይገባሉ።
መንደሩ ክፉ አይደለም፤ “የአክስት ልጆች” ብሎ ሰየማቸው፤
አክስቲቱ የትኛዋ እንደሆነች ማንም አልጠየቃቸው።

የካቲት ላይ፣ ከሻይ በኋላ፣ ጉዊሊም ኮፍያውን እያሻሸ፣
“እኔ ሰማንያ አንድ፣ እሱ ሰባ ስምንት፤ ጊዜው መሸ።
እናንተ ፊት መመረቅ አማረን፤ ከእኛና ከጣራው
መች ታወቀ” አለ፣ “ቀድሞ የሚወድቀው።”

ጭጭ።
ጠብ... ጠብ... ባልዲዬ ብቻ ተናገረ።
ዓይን ሁሉ ወደ ብሎድዌን፣ ወደ ገንዘብ ያዧ ዞረ፤
ለአዲስ ምንጣፍ “አይሆንም”፣ ለጊታር “አይሆንም” ያለች፣
ለገና ማታ እንኳ ማሞቂያውን በጊዜ የምታጠፋ ነች።
መነጽሯን አደረገች። መዝገቡን ገለጠች። ምራቋን ዋጠች።
“አርባ ዓመት” አለች፣ “ምጽዋታቸው የመጣው ባንድ ፖስታ፤
የጻፍኩትም ባንድ መስመር ነው፣ በዚች እጄ፣ በየእሑዱ ማታ።
ዛሬ ሁለት ናቸው ብል ሒሳቡ ይፋለስብኛል።”
መዝገቡን ዘጋች።
“ኬኩን እኔ እጋግራለሁ። ዘቢብ አይገባበትም፤
ለኢድዋል ሆድ ይከብዳል።”

ቀኑ ደረሰ፤ ዘነበ። (መች ሳይዘንብ ቀርቶ ያውቃል!)
የኢድዋል እጅ ተንቀጠቀጠና ቀለበቱ ወደቀ፤
ተንከባለለ፣ ተንከባለለና ባልዲዬ ውስጥ ጠለቀ።
እስከ ክርኔ ገባሁ። ውሃው አጥንት ይሰብራል።
ሳወጣው ዬስቲን “አሜን!” አለ፤ ቃል ኪዳኑ ገና ነበረ፤
የሜርዩድ ኦርጋን ያለፈውን መዝሙር ያን ጊዜ ጀመረ።
ብሎድዌን አላለቀሰችም።
(መሐረቧን ግን አይቻለሁ፤ ቢጨመቅ ባልዲ ይወጣዋል።)

ሰው ይጠይቀኛል፦ እንዲህ ባለ ቤት ምን ታገኛላችሁ?
ጣራው ያፈሳል፣ እኛ እናፍሳለን፤ ሌላ ምን ልበላችሁ።

በመስከረም ይጠገናል አሉ፤ ገንዘቡ ሞልቷል፤
ደስ ብሎኛል። ትንሽም ከፍቶኛል።
ብሎድዌን ግን በንብረት መዝገቡ ላይ፣ በዚያ ቀጭን ጽሕፈቷ፣
ከኦርጋኑ ዝቅ ብሎ፣ ከማሞቂያው ከፍ ብሎ፣ ጽፋዋለች፦
“ባልዲ፣ አንድ። አገልግሎት ላይ ያለ።”